ከኤስኤስዲው አንድ አምስተኛው ባዶ ይተው!

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ የሚሰጠው ፍርድ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፎርማት ይደረግ»። የጽሕፈት ሱቅ ባለቤቱም፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛውም፣ ሠርግ የሚቀርጸው ባለ ስቱዲዮም ይህን ፍርድ ሰምቶ ማሽኑን ያስረክባል። ፎርማት ተደርጎ ሲመለስ በእርግጥ ይፈጥናል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል። ዝግጅት ክፍላችን ይህን ልማድ መርምሮ የደረሰበት አቋም የማያሻማ ነው። ቫይረስ ሳይነካቸው፣ ድራይቫቸው አፍ እስከ ገደፉ ስለሞላ ብቻ የሚንቀራፈፉ ማሽኖች ጥቂት አይደሉም። ኤስኤስዲ በሚባለው የመረጃ ማከማቻ ድራይቭ ውስጥ የሚተው ባዶ ቦታ የባከነ ሀብት አይደለም፤ ድራይቩ ሥራውን የሚሠራበት ቦታ ነው። ስለዚህ በየቀኑ የሚጻፍበት ኤስኤስዲ ሁሉ ከአምስት አንድ እጁ ባዶ ሊተውለት ይገባል። ግዥም፣ ጥገናም፣ የፋይል አያያዝም ከዚህ ደንብ ተነሥተው ሊቃኑ ይገባል።

ጉዳዩ ርዕሰ አንቀጽ የሚጻፍበት ነው ወይ የሚል ቢኖር፣ መልሳችን አዎን ነው። በእነማይ ወረዳ መቀመጫ በቢቸና፣ እንዲሁም በሞጣ ከተማ የሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ዛሬ ያለ ኮምፒውተር የሚያወጡት ደብዳቤ የለም ማለት ይቻላል። ደመወዝ፣ የመሬት ማኅደር፣ የተማሪ ውጤት፣ የጤና ሪፖርት የሚያርፈው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ባለ ማሽን ውስጥ ነው። ሌላ አገር ያለ ቢሮ ፋይሉን በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ማከማቻ ልኮ ማሽኑን ያቀልላል። በአማራ ክልል ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ አይረሳውም። በዚያ ጊዜ ሁሉም ነገር በማሽኑ ድራይቭና በኪስ ፍላሽ ላይ ወደቀ። ፋይል ሲጠራቀም ድራይቭ ይሞላል፤ ድራይቭ ሲሞላ ሥራ ይቆማል።

ሁለተኛው ምክንያት ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኤስኤስዲ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ትናንት ተበላሽቶ ሲጣል ብዙም ያላስቆጨ ድራይቭ ዛሬ የአንድ ጽሕፈት ቤት በጀት ላይ የሚታይ ወጪ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በአያያዝ ጉድለት ዕድሜውን ማሳጠር በሕዝብ ገንዘብ ላይ የሚፈጸም ጥፋት ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። የድሮው ሃርድ ዲስክ መረጃ የሚጽፈው በሚሽከረከር ማግኔታዊ ሳህን ላይ ነው፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ በቀጥታ መጻፍ ይችላል። ኤስኤስዲ የሚሠራው ግን ናንድ ፍላሽ ከሚባል ቺፕ ነው። ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካና ባልደረቦቹ በቶሺባ ሠርተው በ1987 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ይህ ቺፕ በተጻፈ ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም። መረጃ የሚጻፍበት ክፍል ገጽ ይባላል፤ በአብዛኛው ከ4 እስከ 16 ኪሎባይት ይይዛል። ገጾች በመቶዎች እየተሰበሰቡ አንድ ብሎክ ይሆናሉ። መጻፍ በገጽ ነው፤ መደምሰስ ግን በብሎክ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የተጻፈበት ገጽ፣ ያለበት ብሎክ በሙሉ ካልተደመሰሰ በቀር ዳግመኛ አይጻፍበትም።

ከዚህ አንድ ባሕርይ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ጸሐፊዋ አንድ ደብዳቤ ከፍታ ቀኑን ብቻ አስተካክላ ስታስቀምጥ፣ በድራይቩ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ቺፕ አሮጌውን ገጽ አያርመውም። የተስተካከለውን ቅጂ ባልተጻፈበት ገጽ ላይ ያሰፍርና አሮጌውን «ውድቅ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። እንዲህ እየተባለ ንጹሕ ገጽ ያልቃል። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪው አንድ ብሎክ ይመርጣል፤ በውስጡ የቀሩትን ሕያው ገጾች ወደ ሌላ ብሎክ ይገለብጣል፤ ከዚያ ብሎኩን ደምስሶ ለአዲስ ጽሑፍ ያዘጋጃል። ይህን ለማድረግ የሚገለብጥበት ባዶ ቦታ ሊኖረው ግድ ነው። ቦታው ሲጠብበት በጥቂቱ እየገለበጠ፣ በጥቂቱ እየደመሰሰ ይንገታገታል፤ ተጠቃሚውም ማሽኑ «ሃንግ አደረገ» ይላል።

በቁጥር እናሳየው። መቶ ገጽ ያለው ብሎክ እንውሰድ። ሃምሳው ገጽ ውድቅ፣ ሃምሳው ሕያው ቢሆን፣ ድራይቩ ሃምሳውን ገልብጦ ለሃምሳ አዲስ ገጽ ቦታ ያገኛል። ስለዚህ ተጠቃሚው ለሚጽፈው ለእያንዳንዱ ገጽ ድራይቩ ሁለት ገጽ ይጽፋል ማለት ነው። ድራይቩ ሞልቶ ዘጠናው ገጽ ሕያው በሆነ ጊዜ ግን ለአሥር ገጽ ቦታ ሲል ዘጠና ይገለብጣል፤ ለእያንዳንዱ ገጽ አሥር ገጽ ይጽፋል። ሥራው ከሁለት እጥፍ ወደ አሥር እጥፍ የዘለለው ተጠቃሚው አንድም ተጨማሪ ነገር ሳይጽፍ ነው። ልዩነቱን ያመጣው በድራይቩ ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ መጠን ብቻ ነው።

ጉዳቱም ሁለት ነው። አንደኛው ፍጥነት ነው፤ ተጠቃሚው የሚጽፈውና ድራይቩ ለራሱ የሚገለብጠው በአንድ መንገድ ስለሚጋፉ። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። የፍላሽ ቺፕ ክፍሎች የሚደመሰሱት በተወሰነ ቁጥር ነው፤ በብዛት በገበያ ያለው በአንድ ሴል ሦስት ቢት የሚይዘው ዓይነት በአብዛኛው ከ1000 እስከ 3000 ጊዜ ያህል ይደመሰሳል ተብሎ ይሠራል፤ አራት ቢት የሚይዘው ደግሞ ከዚያ ያንሳል። አሥር እጥፍ እንዲጽፍ የተገደደ ድራይቭ ሁለት እጥፍ ከሚጽፈው በአምስት እጥፍ ፍጥነት ዕድሜውን ይጨርሳል።

በርካሹ የድራይቭ ዓይነት ላይ ሦስተኛ ጉዳት ይጨመራል። እነዚህ ድራይቮች ገና ሲገዙ የሚፈጥኑት ባዶ ከሆነው ቦታቸው የተወሰነውን በአንድ ሴል አንድ ቢት ብቻ እየጻፉበት እንደ ፈጣን መቀበያ ስለሚጠቀሙበት ነው። ድራይቩ ሲሞላ መቀበያው ይጠባል። ኢንቴል በ2018 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው 660ፒ የተባለ ባለ አንድ ቴራባይት ድራይቭ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ባዶ ሲሆን ፈጣን መቀበያው 140 ጊጋባይት ያህል ነበር፤ ሲሞላ ወደ 12 ጊጋባይት ይወርዳል። ዕቃው ያው ነው፤ ፋብሪካው ያው ነው፤ ባዶ ቦታው ሲሄድ ግን ፍጥነቱም አብሮ ሄደ።

ይህ በሞጣ እንዴት እንደሚታይ በአንድ ባለ ስቱዲዮ ሥራ እንመልከት። ጥር የሠርግ ወር ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ የ4ኬ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ያወጣል፤ የሦስት ሰዓት ቀረጻ 135 ጊጋባይት ይሆናል። ባለሙያው 512 ጊጋ ኤስኤስዲ አለው፤ ዊንዶውስ ላይ 476 ብሎ ያሳየዋል። በውስጡ ያላስረከባቸው የቀድሞ ሠርጎች 300 ጊጋባይት ይዘዋል። አዲሱን 135 ዊንዶውስ 126 ያህል አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ሲጨምርበት የሚቀረው 50 ብቻ ነው። ካርዱ በሴኮንድ 90 ሜጋባይት ቢሰጥ፣ ድራይቩ መቀበል እስከቻለ ድረስ ቅጂው በ25 ደቂቃ ያልቃል። ድራይቩ ተጨናንቆ በሴኮንድ 40 ሜጋባይት ብቻ መቀበል ሲጀምር ግን ወደ 56 ደቂቃ ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ቪዲዮውን ቆርጦ ለማውጣት ሲነሣ፣ ጊዜያዊ ፋይሎች፣ ፕሮጀክቱና የተጠናቀቀው ሥራ ሁሉም በ50 ጊጋባይት ውስጥ ይተራመሳሉ። መብራት መቼ እንደሚጠፋ በማይታወቅበት ከተማ በቅጂው ላይ የታየችው የግማሽ ሰዓት ልዩነት ሥራውን ለሙሽሮቹ በቀጠሮው ማድረስና አለማድረስ ትወስናለች።

የመብራቱ ነገር ከዚህም የጠለቀ ነው። ዘመናዊ ተቆጣጣሪ ብዙውን የማጽዳት ሥራ የሚሠራው ተጠቃሚው ምንም በማይጽፍበት ጊዜ፣ ማሽኑ በርቶ ሥራ ፈት ሲሆን ነው። በእኛ ከተሞች ግን ማሽን የሚበራው መብራት ሲመጣ፣ ወዲያው ሥራ ተጀምሮ የሚጠፋውም መብራቱ ሲሄድ ወይም የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ነው። ድራይቩ ቤቱን የሚያስተካክልበት የዕረፍት ሰዓት የለውም፤ ማጽዳቱን በሥራ መካከል ለማድረግ ይገደዳል። ለዚህ ያለው ማካካሻ አንድ ብቻ ነው፤ አስቀድሞ በቂ ንጹሕ ቦታ ማስያዝ። ስለዚህ የባዶ ቦታ ደንብ መብራት ከማይቋረጥበት አገር ይልቅ እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ይህን አቋም የሚቃወሙ ክርክሮች አሉ፤ አንድ በአንድ መመዘን ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው «ፋብሪካው ራሱ ትርፍ ቦታ ትቶበታል» የሚል ነው። እውነት ነው። 256 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ድራይቭ በውስጡ ያሉት ቺፖች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ብዜት ስሌት የሚቆጠር 256 ይይዛሉ፤ ይህም 274.9 ቢሊዮን ባይት ነው። ለተጠቃሚው የሚቀርበው ግን 256 ቢሊዮን ባይት ነው። የቀረው ከሚሸጠው መጠን 7.4 በመቶ ያህል ለተቆጣጣሪው ይቀራል። (ዊንዶውስ 238 ብሎ የሚያሳየው ያንኑ 256 ቢሊዮን ባይት በሌላ መለኪያ ስለሚቆጥር ነው፤ ሻጩ የሰረቀው ነገር የለም።) ነገር ግን 7.4 በመቶ ዝቅተኛው ነው፤ ከእርሱም ላይ የተበላሹ ብሎኮች ምትክና የድራይቩ የውስጥ መዝገብ ይቀነሳል። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ይህን እንደሚያውቁ የሚመሰክረው ለሰርቨር የሚሠሩት ድራይቭ ነው፤ 200፣ 400፣ 800 ጊጋባይት ተብለው ይሸጡ የነበሩት እንዲህ ያሉ ድራይቮች በውስጣቸው 256፣ 512፣ 1024 ወይም ከዚያ የበለጠ ነበራቸው። ከባድ ጽሑፍ የሚጠብቀው ገዢ ትርፉን ከፍሎ ይገዛል። ርካሹን ድራይቭ የገዛ ደግሞ ትርፉን ራሱ መተው አለበት።

አንድ አምስተኛ ያልነውም በዘፈቀደ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ የኮምፒውተር ዕቃዎችን በመመርመር ታውቆ የነበረው ድረ ገጽ አናንድቴክ በወቅቱ ስም የነበራቸውን ድራይቮች ሞልቶ ያለ ዕረፍት እየጻፈባቸው ፈትኖ ነበር። በፋብሪካ ትርፍ ብቻ የቀሩት ድራይቮች ፍጥነታቸው ከአንዱ ቅጽበት ወደ ሌላው ክፉኛ ሲዋዥቅ፣ ሩብ ያህል ቦታ ሲተውላቸው ፍጥነታቸው ከፍ ብሎ ረጋ። ከ256 ጊጋባይት ድራይቭ ላይ አንድ አምስተኛውን ስንተው፣ ከፋብሪካው ትርፍ ጋር ተደምሮ ከቺፑ ጠቅላላ ይዘት 25.5 በመቶ ይሆናል፤ ያው ሩብ ማለት ነው። ደንቡን ለማስታወስም ለማስላትም ቀላል የሚያደርገው ይህ ነው። 238 ከሚያሳየው 48፣ 119 ከሚያሳየው 24፣ 476 ከሚያሳየው 95 ጊጋባይት ይተው።

ሁለተኛው ክርክር «የከፈልንበትን ቦታ ለምን ባዶ እንተወዋለን?» የሚል ነው። ይህን ለሚል የምሥራቅ ጎጃም ሰው መልሱ እዚሁ ቅርብ አለ። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በመርጡለ ማርያም፣ በሞጣ ጊዮርጊስና በመሰሎቻቸው አድባራት የብራና መጻሕፍት ኅዳጋቸው ሰፊ ነው፤ ከፊትና ከኋላም ያልተጻፈበት ቅጠል ይተዋል። ብራና ርካሽ አልነበረም፤ አንድ መጽሐፍ ስንት በግና ፍየል እንደሚፈጅ ጸሐፊው ያውቃል። ሆኖም በተተወው ቦታ ላይ ከዘመናት በኋላ የጉልት፣ የርስትና የመሬት ሽያጭ ውል ተመዘገበ። ዛሬ ስለ አካባቢው የመሬት ሥሪት የምናውቀው፣ ሀብታሙ መንግሥቴን የመሰሉ የታሪክ ተመራማሪዎች ያጠኑትም፣ አብዛኛው ከእነዚያ ምዝገባዎች የተገኘ ነው። ዳር እስከ ዳር የተሞላ ብራና ቢሆን ኖሮ አዲሱን ለመጻፍ አሮጌውን መፋቅ ግድ ይሆን ነበር፤ ብራናም ሲፋቅ ይሳሳል። ኤስኤስዲም እንዲሁ ነው፤ የሚደመሰሰው ባነሰ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል፣ በጥቂቱ የሚደመሰሰውም ቦታ ሲኖረው ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሌላኛው ጫፍ የሚመጣ ነው፤ «እንዲያ ከሆነ ግማሹን ባዶ እንተው» ይላል። ይህንንም አንቀበልም። ጥቅሙ እየጨመረ የሚሄደው እስከ ተወሰነ ልክ ነው። ከአሥር እጥፍ ጽሑፍ ወደ ሁለትና ሦስት እጥፍ መውረድ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ከሁለት ወደ አንድ ተኩል መውረድ ግን ተጨማሪ ድራይቭ የሚያስገዛ አይደለም። በጀቱ ጠባብ የሆነ መሥሪያ ቤት ግማሽ ድራይቭ ባዶ አስቀምጦ መዞር የለበትም።

አራተኛው ክርክር ከባለሙያዎች የሚሰማው ነው፤ «ፎርማት ስናደርገው ይፈጥናል፤ ስለዚህ ችግሩ ቫይረስ ነበር» የሚል። ምልከታው ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን አይከተልም። ዊንዶውስ ኤስኤስዲን ፎርማት ሲያደርግ፣ በዚያ ክፍል ያሉት ገጾች ሁሉ ከእንግዲህ እንደማያስፈልጉ ለድራይቩ የሚናገር ትእዛዝ ይልካል። ትእዛዙ ትሪም ይባላል። ድራይቩ በአንድ ጊዜ ሰፊ ንጹሕ ቦታ ያገኛል፤ የፈጠነውም ስለዚህ ነው። ያንኑ ቦታ የማያስፈልጉ ፋይሎችን በማንሣት ማግኘት ሲቻል የአንድ ጽሕፈት ቤት የዓመታት ደብዳቤ በፎርማት እንዲጠፋ ማድረግ ተገቢ ሕክምና አይደለም። ይባስ ብሎ ትሪም ከተላከ በኋላ የጠፋን ፋይል መልሶ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ፎርማት የመጨረሻ እርምጃ እንጂ የመጀመሪያ መሆን የለበትም።

ትሪምን ካነሣን ዘንድ ባለሙያዎች ሊያውቁት የሚገባ ሌላም አለ። ፋይል ሲሰረዝ ድራይቩ በራሱ አያውቅም፤ የሚነግረው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ዊንዶውስ ይህን የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ዊንዶውስ 7 ሲሆን፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ያሉት በየጊዜው መላልሰው ያስታውሱታል። ከዚያ በፊት ባሉ ስሪቶች፣ ወይም ትእዛዙን በማያሳልፍ ርካሽ የዩኤስቢ ማቀፊያ ውስጥ የገባ ኤስኤስዲ ግን በተጠቃሚው ዓይን ባዶ፣ በራሱ ዓይን ሙሉ ሆኖ ይኖራል። ሪሳይክል ቢን ውስጥ የተጣለ ፋይልም ቢኑ ካልተጸዳ ቦታውን አይለቅም። ስለዚህ ባዶ ቦታ ተገኘ የሚባለው ድራይቩ ባዶነቱን ሲያውቅ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ የሚደጋገም ሌላ የአረዳድ ችግር ሲ እና ዲ የሚባለው ክፍፍል ነው። ሲ ድራይቭ ቀይ መስመር ሲያሳይ፣ ዲ ግን ግማሹ ባዶ የሆነባቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው። ቺፑ ሲና ዲ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያየው ጠቅላላውን ነው። በዲ ያለው ባዶ ቦታ ለድራይቩ ሙሉ ጥቅም ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ የሚቸገረው ዊንዶውስ ራሱ ነው፤ ማስተካከያው ክፍፍሉን ማስፋት እንጂ አዲስ ድራይቭ መግዛት አይደለም። ቀዩ መስመርም የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች ሲቀር ስለሆነ፣ እርሱን ጠብቆ የሚንቀሳቀስ ዘግይቷል። እኛ ያልነው ልክ ከእርሱ በእጥፍ ቀድሞ ይመጣል።

ደንቡ የማይመለከታቸውም አሉ፤ ይህንም በግልጽ እንላለን። ባዶ ቦታ የሚያስፈልገው ለመጻፍ ነው፤ ለማንበብ ያለው ተጽዕኖ ጥቂት ነው። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የመማሪያ መጻሕፍትንና ትምህርታዊ ቪዲዮዎችን አንድ ጊዜ ጭኖ ተማሪ እንዲያነበው ብቻ ያስቀመጠበት ድራይቭ እስከ 95 በመቶ ቢሞላ ጉዳት የለውም። ሃርድ ዲስክም በተጻፈ ላይ ስለሚጽፍ በዚህ ደንብ አይገዛም። እንዲሁም ባዶ ቦታ የተበላሸ ድራይቭን አያድንም፤ ቦታ ተለቆለትም የሚንቀራፈፍ ከሆነ የጤና መረጃውን በሚያነብ ፕሮግራም መመርመርና ፋይሉን ሳይውል ሳያድር ማውጣት ያስፈልጋል። ማሽኑ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ካለው ደግሞ ራሙ ሲሞላ ሥራውን ወደ ድራይቩ ስለሚያፈስ፣ ራም መጨመር ለድራይቩም ዕረፍት ነው።

እንግዲህ ፍርዱን ወደ ተግባር እንለውጠው።

የግዥ ኮሚቴዎች «256 ጊጋ ኤስኤስዲ» ብለው ብቻ ዝርዝር ማውጣታቸውን ያቁሙ። በቅድሚያ በሥራ ላይ ያለው ፋይል ስንት እንደሆነ ይለካ፤ በድራይቩ ዕድሜ የሚጨምረው ይገመት፤ ድምሩ ከሚገዛው ድራይቭ አራት አምስተኛ እንዳይበልጥ ይደረግ። በዝርዝሩ ውስጥ ድራይቩ በአንድ ሴል ስንት ቢት እንደሚይዝ፣ በዋስትናው ዘመን ስንት ቴራባይት እንዲጻፍበት ፋብሪካው እንደፈቀደ ይጠየቅ። ሁለቱ ድራይቮች በመጠን እኩል ሆነው በዋጋ ቢለያዩ፣ ርካሹ አሸናፊ ከመባሉ በፊት እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይመለሱ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ማለት በዝቅተኛ ወጪ የሚያገለግል ማለት አይደለም።

የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ከእያንዳንዱ የሥራ ክፍል ኤስኤስዲ ጎን አንድ የማኅደር ሃርድ ዲስክ በበጀት ያስይዙ። የተዘጋ የበጀት ዓመት ፋይል፣ ያለቀ ፕሮጀክት፣ የቆየ ፎቶና ቪዲዮ ወደ እርሱ ይሂድ። ሐምሌ የሒሳብ ዓመት መግቢያ ስለሆነ ለዚህ የተመቸ ወር ነው። የማኅደሩ ቅጂ አንድ ብቻ እንዳይሆን፣ ሁለተኛው በሌላ ክፍል ወይም በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። ይህ ባዶ ቦታንም ባክአፕንም በአንድ እርምጃ ያስገኛል።

ባለሙያዎችና ጥገና ቤቶች የሚንቀራፈፍ ማሽን ሲመጣላቸው በመጀመሪያ ጠቅላላው ባዶ ቦታ ስንት እንደሆነ ይዩ። ከአምስት አንድ በታች ከሆነ ቦታ ያስለቅቁ፤ ትሪም መሥራቱን ያረጋግጡ፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን የድራይቭ ማስተካከያ አንድ ጊዜ ያስነሡ። ቫይረስም ይፈትሹ፤ ፎርማት ግን ይህ ሁሉ ካልሠራ በኋላና ደንበኛው ፋይሉን ማውጣቱን ካረጋገጡ በኋላ ይሁን። አዲስ ድራይቭ ሲገጥሙ ደግሞ ደንበኛው በራሱ ይጠብቃል ብለው አይተዉት፤ ሲከፋፍሉት ከ10 እስከ 20 በመቶውን ሳይመድቡ ይተዉት። ያልተመደበና ያልተጻፈበት ቦታ ማንም ሳያስታውሰው ለድራይቩ ይሠራል። ድራይቩ ከዚህ በፊት ያገለገለ ከሆነ ግን ክፍፍሉን ከመቀነስ አስቀድሞ ትሪም ይላክበት።

ነጋዴዎችም ድርሻ አላቸው። ድራይቭ ሲሸጡ ከቁጥሩ ጋር እውነቱን ይሽጡ፤ «ይህ 256 ነው፤ በምቾት የሚሠራው 190 ያህል ሲይዝ ነው» ቢሉ ደንበኛው አይሸሻቸውም፤ ይልቁንም ከጥቂት ወራት በኋላ «የሸጣችሁልኝ ዕቃ ተበላሸ» ብሎ አይመጣባቸውም።

በመጨረሻም የክልሉና የዞኑ የቴክኖሎጂ ኃላፊዎች ይህ በየግለሰቡ ጥንቃቄ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አለመሆኑን ይገንዘቡ። የመንግሥት ማሽን የሚመራበት አንድ ገጽ መመሪያ ይውጣ፤ የባዶ ቦታው ልክ፣ የማኅደር ዲስኩ፣ የፎርማት ፈቃድ በእርሱ ይወሰን። ይህ ከማኅደር ዲስኩ በቀር የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፤ አዲስ መሣሪያም አያስገዛም። ባለጉዳይ በመስኮት ቆሞ «ሲስተም ዘገየ» የሚባልበትን ሰዓት ግን ያሳጥራል፣ የሕዝብ ገንዘብ የወጣበትንም ዕቃ ዕድሜ ያረዝማል። በቢቸናም በሞጣም ከሚቀጥለው ግዥ ጀምሮ ደንቡ ይህ ይሁን፤ የሚጻፍበት ድራይቭ ከአምስት አንድ እጁ ባዶ ይተው!